ምላጭ የሚያልፍበት፣ ሙቀት የማያልፍበት

በላብራቶሪው ሁሉም ጋሼ ምላጭ የሚሉት ሽማግሌ ምላጩን ከክሪስታሉ ጠርዝ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ሲጫነው፣ ስስ ገበታ ተላቆ መዳፉ ላይ ወደቀ። አጠገቡ የቆመችው ተመራማሪ ልትቀበለው የዘረጋችውን እጅ መሃል ላይ ተወችው።

"ምነው፣ ተንሸዋረረብሽ?" አላት።

"ጋሼ፣ በሁሉም በኩል እንዲህ በቀላሉ ይላቀቃል?"

"የት አባቱ። በዚህ በኩል ራሱ ነው የሚከፈተው፣ እኔ ዝም ብዬ ደመወዝ እበላለሁ። በወርዱ ግን ሞክሪው፣ ምላጩ ይሰበራል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም።"

ልጅቷ ገበታውን ከመዳፉ አንሥታ አገላበጠችው። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ክሪስታል በምድጃ ስታሳድግ፣ ሽማግሌው ሲከፍትላት፣ እሷ ስትለካው ኖራለች። ከሚግሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሥር ሆኖ ሙቀት እንዲያወጣ የታሰበ ቁስ ነበር። ስልሳ ጊዜ ተለክቶ ስልሳ ጊዜም ሙቀት አላሳልፍ ብሏል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላብራቶሪው ኃላፊ ሥራውን ሊዘጋው፣ ምድጃውንም ለሌላ ቡድን ሊሰጠው ነው።

አተሞቹ በአንድ ንብርብር ውስጥ በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር እንደተያያዙ፣ ንብርብር ከንብርብር ጋር ግን ለስሙ ያህል ብቻ እንደሚያያዝ ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሙቀት የአተሞች ንዝረት ነው፤ ትስስሩ ሲጠብቅ ይሮጣል፣ ሲላላ ይለግማል። ገበታውን ግን መለኪያው ላይ ለመግጠም ስለሚቀል ሁልጊዜ አስተኝተው ሙቀቱን ከላይ ወደ ታች ይልኩበት ነበር። ስልሳ ጊዜ የለኩት ምላጭ የሚያልፍበትን ደካማ በኩል ብቻ ነው።

የቀረው ወፍራም ክሪስታል አንድ ብቻ ነበር። በወርዱ በሽቦ መጋዝ እንዲቆርጥላት ስትለምነው፣ ጋሼ ምላጭ ንብርብሮቹ ተበታትነው እንደሚቀሩ ነገራት።

"ቢበተን የኔ ጥፋት ነው፤ በኔ ይሁን" አለችው።

አራት ሰዓት ሙሉ መጋዙን እንደ ሕፃን እያባበለ፣ ውኃ ጠብ እያደረገ ቆረጠው። ምሳ የሚባል ነገር ሁለቱም አላሰቡም። እናቷ ደውላ ድንጋዩ ዛሬስ እሺ ብሏት እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ገና በሽምግልና ላይ ነን ብላ ዘጋችው። በመጨረሻ ንብርብሮቹ በርዝመቱ የተዘረጉበት፣ ከክብሪት እንጨት ያጠረ አንድ ቁራጭ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ወጣ።

አንዱን ጫፍ አሞቀች። ሁለቱን ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎች በመካከሉ አራርቃ አጣብቃለች። የሁለተኛው ሽቦ ቁጥር የመጀመሪያውን እግር በእግር ተከትሎ ወጣ። አሰላችው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከቀድሞው ከመቶ እጥፍ በላይ ሆነ። አላመነችም፤ ሽቦዎቹን ነቅላ እንደገና አጣበቀች፤ ያው መጣ። ጋሼ ምላጭ ቁጥሩን ባያነበውም ፊቷን አንብቦ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

ኃላፊው የመዝጊያውን ደብዳቤ ይዞ ሲገባ ስለ ቁጥሩ ምንም አልነገረችውም። ጠዋት የተላቀቀውን ገበታ ሰጠችው፤ ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን በረዶ ፊቱ አስቀመጠች።

"ዶክተር፣ ጫፉን ይያዙና በጠርዙ በረዶውን ይጫኑት።"

የልጅ ጨዋታ መስሎት እየተቆጣ ተጫነው። ገበታው በረዶውን እያቀለጠ ሰተት ብሎ ገባ። ኃላፊው እጁን ሰብስቦ ጣቶቹን አሻሸ።

"ቀዘቀዘኝ" አለ ቀስ ብሎ። "የጣቴን ሙቀት ወሰደው።"

ይኼኔ ደብተሯን ሰጠችው። ቆሞ ጀምሮ ተቀምጦ ጨረሰው።

"ሰባት ወር አስተኝተነው ነበር ማለት ነው?"

"እኔ የለሁበትም" አለ ጋሼ ምላጭ። "እኔ ከፈትኩ፤ ያስተኛችሁት እናንተ ናችሁ።"

ኃላፊው ሳቀ፤ ልጅቷ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደው። ምድጃው ከእሷ ጋር እንደሚቆይ፣ ሪፖርቱም ዛሬውኑ እንዲደርሰው ነግሯት ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

"እነዚያን ስልሳ ቁጥሮች ከሪፖርቱ አውጪያቸው። ያሳፍሩናል።"

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የሪፖርቱን ሠንጠረዥ ለሁለት ዓምድ ከፈለችው፤ አንዱን "ጠንካራው ትስስር በሚሄድበት"፣ ሌላውን "ደካማው ትስስር ባለበት" አለችው። ከዚያ ከደካማው ዓምድ ጀምራ ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው።