የብረት እድር

እኔ ሰው ስጠላ በግማሽ አልጠላም። እንድርያስን ለመጥላት ግን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የወንድሜ የወልደሰንበት የነፍስ ጓደኛ ነበራ። ወሰን ሰፈር አብረው አድገው፣ ባንድ ሰሞን ሞተር ሳይክል ገዝተው፣ ባንድ ሰሞን አበዱ። ያበዱት በሞንታልቶ ነው። ሞንታልቶ የጣሊያን ሞተር ነው፤ በቁልፍ አይነሳም፣ ፔዳሉ ላይ ቆመው በሙሉ ክብደት ካልረገጡት ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ጠዋት ሲበርደው ደግሞ ፔዳሉ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ይማታል። ድምፁን የሰማ ሰው ግን ሌላ ሞተር አያምረውም። ወንድሜ ከአስፋልቱ ማዶ ሲመጣ በድምፁ አውቄ ምሳ አቀርብ ነበር። እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ምን ትሠራለች ያሉትን ሁሉ አሳፍሮልኛል።

የሞንታልቶ ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ሞተሩ ያለን ሰዎች ተሰባስበን ማህበር መሠረትን፤ ሰፈሩ ሊያሾፍብን "የብረት እድር" አለን፣ እኛም ስሙን ወደድነው። ደንባችን ቀላል ነው። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ሞተሩ ይፈታና ዕቃው በሕይወት ላሉት ሞተሮች ይከፋፈላል። የተከፋፈለ ዕቃ ከእድሩ አይወጣም፤ በቃኝ ያለ ሰው መጀመሪያ ለእድሩ ያስረክባል። እንዲህ እያለ የሞተው ሰው ብረት በሌላው ሞተር ውስጥ ይኖራል።

ወልደሰንበት ጉበቱን ታሞ ሞተ። አርባው ሲወጣ ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ፈታነው፤ የመጀመሪያውን ብሎን የፈታሁት እኔው ነኝ። መብራቱ ለባለጋራዡ ለባፈና ደረሰው። የሞተሩ ሆድ፣ ፒስተኑና የሚሽከረከረው ከባዱ ብረት፣ ለእንድርያስ ሆነ፤ የሱ ተቃጥሎ ስለነበር። ገጥሞ ጨርሶ ሲረግጠው ያ ድምፅ ወጣ። ወንድሜ በር ላይ የደረሰ መስሎኝ ብድግ አልኩ፤ ከዚያ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እንድርያስም አለቀሰ። እጁን ታንከሩ ላይ አድርጎ፣ እኔ እያለሁ ይሄ ድምፅ አይጠፋም ብሎ ማለልኝ። ከዚያ በኋላ በቀለምና በሚስማር ሱቄ በር ሲያልፍ ነዳጅ ሰጥቶ እያስጮኸው ነበር የሚያልፈው፤ እኔም ደንበኛዬን ትቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ደንበኞቼ ለምደውኛል።

አምና ፋብሪካው አዲስ ሞንታልቶ አወጣ። በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት፣ በጣት ተነክቶ የሚነሳ፤ ፔዳል የሚባል ነገር የለውም። አንድ አስመጪ መገናኛ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ከፈተለት። ባፈና ጋራዥ ተሰበሰብን። ባፈና እስቲ ሳናየው አንማው ሲል እንድርያስ አፉን አስያዘው። ፋብሪካው ሲረሳን ስሙን በእግራችን እየረገጥን ያኖርነው እኛ ነን፣ ዛሬ ያንኑ ስም ሌላ ነገር ላይ ለጥፎ መልሶ ሊሸጥልን ነው እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ከሱ እኩል ነድጄ ነበር። ማንም እንዳይገዛ ቃል ያስገባን እሱ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባል የለ፤ አይ እንድርያስ።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከወሰን ተነስተን በየካ በኩል እንጦጦ ማርያም ድረስ እንወጣለን። ዳገቱ ላይ የአንዱ ሞተር ከጠፋ ሁላችንም አጥፍተን፣ ወርደን እንገፋለታለን፤ ይሄም ደንብ ነው። ዘንድሮ እንድርያስ ለባፈና ደወለና እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ አለ። ባህር ዛፉ መሃል ያለው ኩርባ ላይ ስንደርስ ባፈና ዞሮ አየ። የእንድርያስ ቀይ ጃኬት ከታች ብቅ ብሏል፣ ያ የምናውቀው ድምፅ ግን የለም። ጠፍቶበታል ብሎ ጮኸ። ሁላችንም አጠፋን። ወደ ኋላ ሳይንሸራተት እንድረስለት ብለን ቁልቁል ሮጥን። እንድርያስ ከሄልሜቱ ውስጥ የሚለውን ሳንሰማ፣ እኔ መሪውን ያዝኩ፣ ባፈና ከኋላ ወንበሩን ገፋ፣ ሌሎቹም ተረባረቡ።

ሞተሩ ከእጃችን አምልጦ ወደፊት ሄደ። ባፈና አስፋልቱ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ፍሪጅ ቀስ ብሎ የሚያጉረመርም ነገር ነው። አልጠፋበትም ነበር። እየሠራ ያለ ሞተር ነው ስንገፋ የነበረው። ከድንጋጤዬ የተነሳ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደረቀብኝ።

አሮጌው የት አለ አልኩት። ሄልሜቱን አውልቆ አገጩን እያከከ፣ አስመጪው በልዋጭ ወሰደው አለኝ። በልዋጭ። እንደ አሮጌ ሱሪ በሳህን ለወጠው ማለት ነው። ጉልበቱ መርገጥ እምቢ እንዳለው፣ ሐኪምም እንደከለከለው፣ ሞተሩም ዝጎ ከሚቀር መስታወቱ ቤት ግድግዳ ላይ በክብር እንደተሰቀለ አስረዳኝ።

"ጉልበትህ እምቢ ካለህ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "በየቀኑ እየመጣሁ እረግጥልህ ነበር።"

ይባስ ብሎ ያንገበገቡኝ ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ባፈና የተላጠ ጉልበቱን እንኳን ሳያራግፍ ጎንበስ ብሎ፣ ውሃው በየት በኩል ነው የሚዞረው እያለ ይጠይቃል። አንዱ ወንበሩን ይዳስሳል። የቀሩት ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ቃል የገባሁት ለካ እኔ ብቻ ነኝ። ሞተሬን አስነስቼ፣ ማርያምንም ሳልሳለም፣ ቁልቁል ወደ መገናኛ ወረድኩ። እንድርያስ ተከትሎኝ ኖሯል፤ እስክቆም ድረስ አልሰማሁትም።

ሱቁ ውስጥ ናዝሬት የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ሻጭ በትህትና ተቀበለችኝ። ሞተሩ ከወገቤ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀለም ተቀብቷል፣ ተወልውሏል፣ አይዋሽም አምሮበታል። ሳየው ልቤ መለስ አለልኝ። አለ ማለት ነው፤ ለምኜም ተጣልቼም አስወርደውና ለእድሩ እመልሰዋለሁ፣ ባፈናም ቢሆን ሌላ ሞተር ላይ ይገጥምልኛል ብዬ አሰብኩ። እጄን ሰድጄ ፔዳሉን ነካሁት። ያ ፔዳል የሰው ሙሉ ክብደት የሚጠይቅ ነው። በሁለት ጣቴ እስከ ታች ወረደ።

ናዝሬት አይታኝ ፈገግ አለች። ግድግዳው ስለማይሸከመው ሆዱን አስወጥተነዋል፣ ለዕይታ ብቻ ነው አለችኝ። የወጣው ብረት የት ገባ ስላት፣ ቆራሌው እንደወሰደው ነገረችኝ። ደግሞ የተቆጣሁ መስሏት፣ ባለቤቱን አስፈቅደን ነው አለች።

ዞሬ እንድርያስን አየሁት። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል።

"ጠይቀውህ ነበር?"

"ጠይቀውኛል" አለ። "ብረት እኮ ነው፣ ፍቅርአዲስ" አለኝ።

ወንድሜ ሲሞት ድንኳን የተከለው፣ አስከሬኑን በትከሻው የተሸከመው ይሄ ሰው ነው። ሁለተኛ ሲያስቀብረው ግን መርዶ እንኳን አልነገረኝም። እንዲያውም በዚያው ሳምንት ሱቄ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ደህና ዋይ ብሎኝ ሄዷል። እድርተኛ ለእድርተኛ ከዚህ የከፋ ነውር አይሠራም። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ የማውቀው ስድብ ሁሉ አነሰብኝ። ትቼው ወጣሁ።

በማግስቱ ጥቁር ለብሼ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ብዙነሽ ደንግጣ መጣችና ማን ሞተብሽ አለችኝ።

"እንድርያስ" አልኳት።

ደረቷን መትታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለልቅሶ ወደ ቤቱ ገሰገሰች። አልመለስኳትም።