የዳገት ስር ቁርስ

የፖስተኛዋ መንጋጋ ዛለ። ብስክሌቷ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ከመሪው ሳታነሳ የጎረሰችውን፣ ፕሮቲን ባር የሚሉትን የስፖርተኛ ምግብ ታላምጣለች፤ እሱ ግን ጥርሷ ላይ ተጣብቆ አልለቅም ብሏል። ስታኝክ መተንፈስ አትችልም፣ ስትተነፍስም ማኘክ። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ሆዷ ከብዷታል፤ እግሮቿ ግን ባዶ ናቸው።

ከውድድሩ ዘጠና ኪሎ ሜትር ሰባውን ጨርሳለች። የቀራት ዳገቱና ከዳገቱ ማዶ ያለው አጭር ቁልቁለት ነው። የብስክሌት ክለቧ ሕግ ግልጽ ነው፦ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ተወዳዳሪ ሁለት ዓመት በተከታታይ በአራት ሰዓት ውስጥ ካልገባ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። እሷ አርባ ሦስት ሞልቷታል። አምና ከወጣቶቹ ጋር እልህ ተጋብታ ገና በጠዋቱ ጉልበቷን ጨረሰችና፣ ይህንኑ ዳገት ብስክሌቷን እየገፋች ወጣችው። ዘንድሮም ከዘገየች አበቃ፤ ብስክሌት ለእሷ የደብዳቤ ማመላለሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ባሩን ያዘዘላት የታናሽ እህቷ ባል ነው። የስፖርት ዕቃ መደብር ሻጭ ቢሆንም ቤተሰቡ "ዶክተር" ይለዋል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ውሃ እንኳ አይጠጣም፤ ያነበበውን ደግሞ ለሰው ሳይመክር አያድርም። ከወር በፊት አንድ ካርቶን ሙሉ ተሸክሞ መጣና፣ "ጡንቻ የሚሠራው ይሄ ነው እትዬ። ዳቦሽን ተዪው፣ ዳቦ እንቅልፍ ነው" አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ማር የተቀባ ዳቦ ከደብዳቤ ቦርሳዋ ሳትለይ ከተማውን ያዳረሰችው ሴት፣ እሱን ላለማስቀየም ስትል ዳቦዋን ተወች።

አሁን ዶክተር ዳገቱ ስር ቆሞ ይጠብቃታል። የአንዱን ባር ማሸጊያ ቀዶ እንደ ዱላ ቅብብል ዘርግቶላታል። እህቷ ከኋላው በሩ በተከፈተ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ቁርሷን ትበላለች።

"ከተነሳሽ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጥሩ ነው" አላት ዶክተር። "እንኪ፣ እየሄድሽ ብዪው።"

እሷ ግን ፍሬን ያዘች።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

"ሦስቱንም አልበላሽም እንዴ?"

"በልቻለሁ።"

"እንግዲያው አራተኛው ያነሳሻል። ሃያ ግራም ፕሮቲን አለው እኮ።"

"ሃያውም ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ እግሬ የወረደ የለም።"

ዓይኗ እህቷ እጅ ላይ አረፈ። ዳቦው ወፍራም ነው፣ ማሩ ከጠርዙ ይንጠባጠባል፤ ሻይ በፔርሙስ አጠገቧ አለ። የፖስተኛዋ አፍ ምራቅ ሞላ።

"ያንን ስጪኝ።"

"ነክሼዋለሁ እኮ፣ እታለም።"

"ስጪኝ። ሻዩንም ቅጂልኝ፣ ስኳሩን አትሰስቺ።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ ተራ ስኳር ነው" አለ ዶክተር እየተጨነቀ። "ጡንቻሽ..."

"መኪናህ ነዳጅ ሲያልቅበት ጎማ ትቀይርለታለህ?"

እህቷ ሳቋ አመለጣት።

ቆማ በላች፤ ሻዩንም ጠጣች። ሦስት ደቂቃ ሄደ። አራት ተወዳዳሪዎች አልፈዋት ሲወጡ እያየች የመጨረሻውን ጉንጭ ዋጠችና ተነሳች።

መጀመሪያ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። እንደ ሥራዋ ዳገቱን በቤት በቤት ከፈለችው። እስከ ቀዩ በር አንድ ደብዳቤ፤ እስከ ውሃ ታንከሩ ሌላ ደብዳቤ። አድራሻ ሳታደርስ ተመልሳ አታውቅም። በዳገቱ አራተኛ ኪሎ ሜትር ላይ እግሮቿ ከሄዱበት መጡ። የራሷ እግሮች፣ ሃያ ዓመት የምታውቃቸው። አንዱን ተወዳዳሪ አለፈችው፣ ቀጥሎም ሁለቱን። ጫፍ ስትደርስ አራተኛውም ከኋላዋ ነበር። ደስታው ደረቷን ሞላው፤ ቁልቁለቱን ብቻዋን እየሳቀች ወረደችው።

በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ገባች።

እህቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። በመኪና ቀድሟት የደረሰው ዶክተር ግን ካርቶኑን እግሩ ስር አድርጎ አንገቱን ደፍቷል።

"ሳይገባኝ ነው የመከርኩሽ፣ እትዬ። ነገ ለመደብሩ እመልሰዋለሁ።"

"ማን መልስ አለህ? አንድ አምጣ።"

ሣሩ ላይ ተዘርግታ፣ ሳትቸኩል አኘከችው። መንጋጋዋ ጊዜ ነበረው።

"አሁን ይጥማል" አለች። "የፈረሰው ጡንቻ የሚጠገነው አሁን ነው። የምክርህ ሰዓቱ ነው እንጂ የተሳሳተው፣ ነገሩስ ልክ ነው።"

ዶክተር ቀና አለ። የክለቡ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ሲያልፍ ጠራችውና ለከርሞ ስሟን አስመዘገበች። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች።

"ለከርሞ አንተ ካርቶንህን ይዘህ እዚህ ትጠብቀኛለህ" አለችው። "ዳገቱ ስር የምትቆመው እሷ ናት፣ ሁለት ዳቦ ይዛ።"