በኋላ ማርሽ

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ መቀሌ ውስጥ ለኪራይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረች። ባለቤቷ ጠሃ ከወሎ የመጣ የጨው ነጋዴ ነው። ያቺን ጉድ እንደ ልጁ ነበር የሚያሞግሳት። "በአንድ ቆርቆሮ ቤንዚን ዓዲግራት ደርሳ ትመለሳለች፣ ወላሂ!" ይላል። ባሌ ደመላሽ ደግሞ ባያት ቁጥር፣ ከጫማ አትበልጥም ለማለት፣ "ጠሃ፣ የሌላኛውን እግርህን ጫማ የት ጣልከው?" እያለ ያበሽቀዋል።

ደመላሽ መንግሥት ከደብረ ብርሃን ያዛወረው ጸሐፊ ነበር፤ እኔም ተከትዬው መጣሁ። ሐሙስ ዕለት ሆዱን አመመው። ቅዳሜ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ አላስነካ አለ። ቀዶ የሚያክም ሐኪም ከዳገቱ ማዶ ቁሓ እንጂ መቀሌ አልነበረም። ጎረቤቶች ቃሬዛ አመጡ። "ቃሬዛ ላይ የሚተኛ ሬሳ ነው" ብሎ እምቢ አለ፤ ግትርነቱ ደግሞ ሲታመም ይብስበታል። እንቅልፍ ካየሁ ቆይቻለሁ፣ ሰውነቴ ሁሉ ደንዝዟል፤ ልከራከረው አልቻልኩም። ጠሃን አስጠራሁት።

ሜዳው ላይ መኪናዋ እውነትም ሮጠች። ደመላሽ ከጠሃ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ፣ ዕቃ የሚጫንበት ጠባብ ቦታ ላይ ተጣጥፌያለሁ። የእንዳ ኢየሱስ ዳገት ግርጌ ስንደርስ አጓርታ ቀጥ አለች።

"ከማርሾቿ ሁሉ ጉልበት ያለው የኋላው ነው። ዳገት የማወጣት በጀርባዋ ነው" አለ ጠሃ፤ አዙሮም ጀርባዋን ለዳገቱ ሰጠ። አሁንም እምቢ አለች። ወርጄ ከፊት በኩል ገፋኋት፤ ያኔ ተንቀሳቀሰች። ተመልሼ ልገባ ስል ግን ጠሃ አንገቱን ነቀነቀ።

"እትዬ ተዋበች፣ እዚህ ላይ የምትችለው ሁለት ሰው ነው። ሦስተኛ ከጨመርን መሀል መንገድ ላይ ትቆምብናለች። እርስዎ በእግርዎ ይከተሉን፤ አፉ ይበሉኝ።"

ደመላሽ በመስኮቱ አየኝና ፈገግ ለማለት ሞከረ። "አይዞሽ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ ብለሽ አታሚኝም፤ እያየሁሽ ነው የምሄደው" አለኝ።

"እስክደርስ ጠብቀኝ" አልኩት።

መኪናዋ በጀርባዋ ወጣች፤ እኔም ተከተልኩ። እሱ ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ይርቃል፣ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ጠሃ አንገቱን ጠምዝዞ የኋላውን መንገድ ያያል። መጀመሪያ ላይ ደመላሽ እጁን አነሣልኝ። በኋላ አወረደው፤ ደክሞት ነው አልኩ። ኩርባው ላይ ይሰወሩና እንደገና ይታያሉ፤ ፊቱ ከፊት መስታወቱ ኋላ አለ፣ ወደ እኔ ነው። እግሬ በራሱ ይሄዳል። አልፈራሁም፣ አልጸለይኩም። እንጨት የተሸከመች ሴት ስታልፈኝ "አጆኺ ሓፍተይ" ብላ በትግርኛ አጽናናችኝ። ምን አይታብኝ እንደሆነ አላውቅም።

ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ ጠሃ ቆቡን በእጁ ጨብጦ ከመኪናዋ ውጭ ቆሟል።

"እትዬ፣ ወደ ቁሓ ላዞራት ስል ነው ያየኋቸው" አለኝ። "መንገዱን ሳይ... አጠገቤ ሆነው እኮ ነው።"

ደመላሽ ዐይኑን አልከደነም። አሁንም ወደመጣሁበት መንገድ ያያል። ያን ሁሉ ዳገት ዐይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም፤ ግን ከየትኛው ኩርባ ጀምሮ እኔን ማየት እንዳቆመ አላውቅም።

ጠሃ አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም።

"ወደ ቤት እንመለስ" አልኩት። "ሦስት ሰው ትችላለች?"

"ቁልቁለት ነው" አለ።

ገብቼ ከደመላሽ ኋላ ተጣጠፍኩ፤ ራሱ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ያዝኩት። መኪናዋ ሦስታችንንም ይዛ ወረደች። አንድም ቦታ አልቆመችም።