በዓይኑ የሚሰማው አባት

በዩኒቨርሲቲው የንግግርና የመስማት ሳይንስ የሚማሩት ሃያ አንድ ነበሩ። ከእነሱ መካከል አንዷ ጥያቄ ስትመልስ መምህሯ አጠገቧ ድረስ ሄደው ጎንበስ ካላሉ በቀር አይሰሟትም። የክፍል ጓደኞቿ "ንግግር ልታጠና መጥታ ንግግሯ የጠፋባት" እያሉ ይቀልዱባታል፤ ስምም አወጡላት፤ "ሹክሹክታ" አሏት። አልከፋትም፤ እኛም በዚሁ እንጥራት።

ድምጿ እንዲያ የሆነው ታማ አልነበረም። አባቷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሽመና ማሽን ፊት የቆመ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ዘመኑን በሌሊት ፈረቃ ነው የሠራው። ጠዋት ይመጣል፣ እጁንና ፊቱን ይታጠባል፣ ያገኘውን ቀማምሶ ይተኛል። ቤታቸው በኮምፔንሳቶ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ስለነበር እናታቸው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ቀስ፣ አባታችሁ ተኝቷል" እያለች ነው ሦስቱንም ልጆች ያሳደገቻቸው። ሳህን ሲያስቀምጡ ጨርቅ አንጥፈው ነው። ሲጣሉ እንኳ የሚሰዳደቡት በሹክሹክታ ነበር። ጎረቤቶች "እዚያ ቤት ልጆች አሉ እንዴ?" ይሉ ነበር።

አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አስቸጋሪ ነበር። አንዳንዴ ሲያናግሩት ሳቅ ብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ልጆቹ ኩራት ነው አሉት። እናት "ድካም ነው፣ ተዉት" ትላለች።

ሹክሹክታ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት በትምህርት ቤቷ የንባብ ውድድር አንደኛ ወጣች። እራት ላይ ልቧ እየመታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሳህኗን እያየች፣ "አባዬ፣ ዓርብ ሽልማት ይሰጡኛል። ትመጣለህ?" አለችው። አባቷ ዳቦውን ቆርሶ ጎረሰ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ዓርብ ዕለት እናቷ ብቻዋን መጣች። ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታ ለአባቷ የምትነግረው የግድ የሚነገረውን ብቻ ሆነ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቃቸውን አምስት አዋቂዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ አምጥቶ መስማታቸውን እንዲለካ ታዘዘ። አራቱን በቀላሉ አገኘች። አምስተኛዋ፣ ጎረቤታቸው፣ ቀኑ ሲደርስ ጉንፋን ያዛትና ጆሮዋ ተደፈነ።

"አባትሽን ውሰጂው፤ ዛሬ እረፍቱ ነው" አለች እናቷ።

"እሱ አይመጣም።"

"ጠይቂው እስቲ፣ ምን ይልሻል?"

ጠየቀችው። መጣ።

የመለኪያው ክፍል ድምፅ የማያስገባ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ጠባብ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ በኩል ተማሪዋ ውጭ ተቀምጣ ውስጥ ያለውን ሰው ታየዋለች። ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ ከማድረጓ በፊት ፊት ለፊቱ ቆማ፣ "ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህችን ቁልፍ ተጫን፤ ብትጠራጠርም ተጫን" አለችው። አባቷ ከንፈሯን ትኩር ብሎ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ወፍራሞቹን ድምፆች በደህና ሰማ። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ትሁት ሰው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጨመረችለት። አሁንም ዝም። ገመዱን ነካካች፣ ሌላ ማዳመጫ ቀየረች። ቢቸግራት ገብታ ራሷ ጆሮዋ ላይ ብታደርገው የድምፁ ጩኸት አስደንግጦ አዘለላት፤ መሣሪያው ምንም አልሆነም። ውጤቱን በያዘው ወረቀት ላይ ያለው መስመር ጥቂት ሜዳ ለሜዳ ሄዶ ገደል ገብቷል።

መምህሯ ከኋላዋ መጥተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "ይሄ የትናንት ጉዳት አይደለም። ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። የማሽን ጩኸት ነው?"

"ግን እኮ ያወራል፣ ይመልሳል" አለች ሹክሹክታ።

"ፊት ለፊት ሲያናግሩት ነው የሚመልሰው?"

እራት ላይ የደፋችው አንገት ትዝ አላት። ያን ሁሉ ዓመት ጨርሶ ሊደርሰው የማይችለውን ድምፅ መርጠው ሲያናግሩት ኖረዋል፤ ያውም መሬት መሬት እያዩ።

በሩን ከፍታ ገባችና ትርፍ ወንበር ስባ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ተቀመጠች። ቀና ብላ አየችው።

"አባዬ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ በንባብ ተሸልሜ ነበር። ና ብዬህ ነበር።"

"መቼ ጠራሽኝ?"

"እራት ላይ።"

"እናትሽ የነገረችኝ ካለፈ በኋላ ነው። ሳይጠሩኝ ቀሩ ብዬ ከፍቶኝ ነበር። ኋላ ደግሞ፣ የፋብሪካ ልብሴን ለብሼ ጓደኞቿ ፊት እንዳልመጣባት ብላ ይሆናል አልኩና ተውኩት።"

ሹክሹክታ ያን ሁሉ ዓመት እሷ ብቻ የተጎዳች ይመስላት ነበር።

"እኔ ስገባ ወሬ ታቆማላችሁ" ቀጠለ አባቷ፣ እንደ ቅሬታም ሳይሆን። "አንገታችሁን ትደፋላችሁ። እነዚህ ልጆች ይፈሩኛል እል ነበር።"

"እንቅልፍህን እንዳናቋርጥብህ ብለን እኮ ነው።"

"እንቅልፌን?" አባቷ ሳቀ። "ልጄ፣ እኔን ለመቀስቀስ ጣሪያውን ማፍረስ ያስፈልጋል።"

እሷም እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጠረገችው። "እንደማትሰማ አታውቅም ነበር?"

"ፋብሪካ ውስጥ ማን ይሰማል? እዚያ የምንነጋገረው ከአፍ ላይ እያየን ነው። እኔ በዚህ ጥግ፣ ጓደኛዬ በዚያ ጥግ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ እናድራለን። ደህና የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።"

መምህሯ ይህን በራፉ ላይ ቆመው ሰሙ፤ እዚያው ለሚቀጥለው ሐሙስ ክፍል እንዲመጣ ለመኑት። አባቷ "እኔ ምን አስተምራለሁ?" ብሎ አንገራገረ፤ ሐሙስ ግን ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ከሰዓቱ ቀድሞ ተገኘ። ተማሪዎቹ ያለ ድምፅ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ዓረፍተ ነገር ይሉለታል፤ እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። "ማር እና ባር ከከንፈር ላይ አንድ ናቸው" አላቸው፤ "የትኛውን እንዳላችሁ የማውቀው ከወሬው ነው። ጢማም ሰውና እያላመጠ የሚያወራ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይነበብም።" ሃያዎቹ ማስታወሻ ያዙ። ሃያ አንደኛው፣ ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ፣ ለጎኑ ልጅ አፉን አንቀሳቀሰ።

"ያ ልጅ ርቦታል" አለ አባትየው ወደ መምህሯ ዞሮ። "ደግሞ እርስዎ ብዙ ያወራሉ ይላል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯም ሳቁ፤ ያን ቀን ትምህርቱን ትንሽ ቀደም ብለው ጨረሱ።

ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ የተገጠመለት ከሁለት ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጠላው። የቧንቧው ውሃ፣ የጋዜጣው መንኮሻኮሽ፣ የገዛ ጫማው ሳይቀር አስመረረው። "ይሄ ሁሉ ጫጫታ እዚህ ቤት ነበር እንዴ?" ብሎ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እናትየዋ ገና ሲያደርገው "በል እንግዲህ፣ ከኋላህ ሆኖ አንተን ማማት ቀረ" ብላው ነበር። ሹክሹክታ አልተጫነችውም። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት እያደረገ ለመደው፤ ለሥራ ሲሄድ ግን በትንሽ ብሩሽ እየጠረገ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እዚያስ ምን ያደርግለታል።

የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ስትመርጥ ብዙ አላሰበችም፤ የሽመና ክፍሉን ሠራተኞች መረጠች። ማንም አይመጣም ብላ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ስትደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ግራ ተጋብታ አገኘቻት።

"አምስት ሰዎች መጥተዋል። አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። ሐኪም ልጥራላቸው ወይስ ልሽሽ?"

ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ አባቷና አራት ጓደኞቹ ከወዲያና ከወዲህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማን ቀድሞ ይግባ እያሉ ይከራከራሉ። በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው ሰው፣ በሩን እንደ ጥርስ ሐኪም በር እያዩ ነበር። አባቷ ያለ ድምፅ አንድ ነገር አላቸው። ሽማግሌው ሹክሹክታን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፣ ፈገግ አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ።

"ምን አላቸው?" ብላ እንግዳ ተቀባይዋ ጠየቀቻት።

"አላየሁትም" አለች ሹክሹክታ፣ በሩን ለሽማግሌው እየከፈተች።