የኪስ ፒን

ማርቴዝ ፒኑን አሳይታ ነበር። ካፒቴኑም አይቶ አውራ ጣቱን አንስቷል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መታጠፍ አቅቶት የፊት ጎማውን ሣር ውስጥ ነክሮ ሲቆም፣ የሉአ አየር ማረፊያ ሰው ማንን እንደሚረግም ግራ ገባው።

ነገሩ ቀላል ነው። አውሮፕላን በጎታች መኪና ወደኋላ ሲገፋ የፊት እግሩ ላይ ፒን የሚሏት፣ የጣት ርዝመት ያላት ብረት ትሰካለች። እሷ እያለች አብራሪው መሪውን ቢያዞር ጎማው አይሰማውም። ግፊያው ሲያልቅ መሬት ላይ ያለው ሰው ይነቅላትና ቀይ ሪባኗን እያንጠለጠለ ለካፒቴኑ ያሳያል። ማርቴዝ ይህን ሥራ የጀመረችው ልጆቿ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው፤ አሁን አንዱ ጢም አብቅሏል።

ያን ቀን ያሳየችው ግን ከኪሷ ያወጣችውን ሌላ ፒን ነበር። የሰካችው እዚያው እግሩ ላይ ቀርቷል።

ሰው አልተጎዳም። መንገደኞቹ ወርደው በአውቶቡስ ሲመለሱ ቆማ አየች። አንዲት ሴትዮ ነፋስ የወሰደባትን ባርኔጣ ስታባርር አየች። ከዚያ የገዛ እጇን አየች። ምንም አልተሰማትም። እጁ ብቻውን የሠራው ይመስል ነበር፤ እሷ እዚያ አልነበረችም።

«ስሚ፣» አላት ቸንሱ ካንቲን ውስጥ፣ አይብ የተሞላ ፓስቲትሲውን እየገመጠ። የጎታቹ ሾፌር ነው፤ የአባቷ ጎረቤት ስለነበር ወደ ሥራው ያስገባትም እሱ ነው። «ሪባኑ ተበጥሶ ነበር፣ አልታየኝም በይ። አለቀ።»

«አልተበጠሰም።»

«እበጥሰዋለኋ! ምን ይከብዳል?»

«ፒኑ ደህንነት ቢሮ ነው ያለው፣ አንተ ሽማግሌ።»

«እንግዲያው ዝም በይ። እሱን እንኳ የምትችይ አይመስለኝም።»

ድሮ፣ የደሴቲቱ ሁለት አየር መንገዶች ሳይጋቡ፣ አንዱ ያባረረውን ሌላው ይቀጥረው ነበር። አሁን የደህንነት ቢሮው አንድ፣ የመሬት ሥራው አንድ፣ ደንቡ አንድ፤ መባረሩም አንድ። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ከሁለቱ የተባረረ የሚቀረው ባሕሩ ነው። ፒኖቹም የጋራ ሆኑ፣ የጋራ ሲሆኑ ደግሞ ጠፉ። አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ፓሌርሞ ሄዶ ይቀራል፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ደንቡ ግን ያለ ፒን መግፋት ክልክል ነው ይላል፤ በረራ ሲዘገይ የሚጮኸውም ገፊው ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የራሱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ለማርቴዝ የሰጣት ቸንሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የደህንነት ቢሮው ኃላፊ ጆዜት ቡድኑን ሰበሰበች።

«ካፒቴኑ አየሁ ይላል። ማርቴዝ አሳየሁ ትላለች። ፒኑ ደግሞ እግሩ ላይ ተገኘ። ምን እናድርግ፣ ተአምር ነው ብለን ጳጳሱን እንጥራ?»



«ያሳየሁት የራሴን ነው፣» አለች ማርቴዝ። «የጋራውን ሰክቼ፣ በኋላ ኪሴን ስዳብስ ፒን አለ። ኪሴ ውስጥ ካለ ነቅየዋለሁ ማለት ነው ብዬ አነሳሁት።»

ቸንሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስለተናገርሽ አትቀጪም፣» አለች ጆዜት። «ግን አንድ ነገር ልወቅ። የራሳችሁን ፒን የምትይዙት ሁላችሁም ናችሁ ወይስ እሷ ብቻ? ሁላችሁም ከሆናችሁ ጥፋቱ የአሠራራችን ነው፤ እሱን አስተካክላለሁ። እሷ ብቻ ከሆነች ግን ያልተፈቀደ ዕቃ ይዛ ገብታለች፤ የመግቢያ ባጇን መቀበሌ ነው።»

ቸንሱ ጡረታው ደርሷል። ጫማውን አየ። ሌሎቹም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ቀሩ። «ኪሳችሁን ገልብጡ» የሚለው ቃል ማርቴዝ ምላስ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ለማውጣት የሚበቃ ንዴት ግን አጣች።

«እሺ፣» አለች ጆዜት። «ነገ ጠዋት ባጅሽን ቢሮዬ ታመጪልኛለሽ።»

ቢሮው ከፍተሻው ወዲያ ነው። ጠዋት ማርቴዝ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋ፣ ቀበቶዋንና ቁልፏን የፕላስቲክ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ጆዜትም እንደማንኛውም ሰው ከቸንሱ ኋላ ተሰልፋለች።

«ዛሬስ ቀሎሻል፣» አለች ፈታሿ እያዛጋች። «ፒንሽን የት ጣልሽው?»

ጆዜት ከስልኳ ቀና አለች።

«የምን ፒን?» አለች ጆዜት።

«የሁሉም ነዋ! በየቀኑ በዚህ የሚያልፈው።»

ቸንሱ መነጽሩን ትሪው ላይ አኖረ። ቁልፉን አኖረ። ከዚያ ፒኑን፣ ከነቀይ ሪባኑ፣ ቋ አድርጎ ጣለው። ከጆዜት ኋላ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ኪሱ ገባ፤ ሌላውም ተከተለው። ትሪዎቹ ቀይ እያንጠለጠሉ ተራ በተራ ወደ ማሽኑ ሲገቡ ጆዜት ቆማ ታይ ነበር። በየቀኑ በዚሁ ታልፍ ነበር፣ የራሷን ስልክ እያየች።

«ባጅሽን ያዢው፣» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሳልመጣ ማንም ምንም እንዳይገፋ።»

የሁለቱም አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ተደርድረው መጠበቅ ያዙ። ማርቴዝ ጎታቹ መኪና ላይ ተደግፋ ቆመች።

«ሆን ብለህ ነው?» አለችው ቸንሱን።

«ምኑን?»

«ይዘኸው የመጣኸውን።»

«ረስቼው ነው። ሽማግሌ ብለሽኝ የለ?» አለ፤ ፊቷን ግን አላየም።

ማመስገን ነበረባት። ምስጋናውን ውስጧ ፈለገች፤ የለም። ደስታውንም ፈለገች። እጇ ወደ ኪሷ ሄዶ ባዶውን ዳበሰ። ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገባችና፣ ብርሃኗን ለመከለል ባዶ እጇን አነሳች።

ከላይ፣ ከአውሮፕላኑ መስታወት ኋላ፣ ተራውን የሚጠብቀው ካፒቴን አውራ ጣቱን አነሳላት።