የወጥ ሠሪዋ ስም

ኑረዲን በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለውን ነገር ግድግዳው ሥር አስደግፎ ጫማውን ሲያወልቅ፣ አራጌ ሳይከፈት ምን እንደሆነ አወቀው። ማዕዘኑ ፌስታሉን ወጥሮታል። ፍሬም ነው። በድግሱ ዕለት ለነጋዴዎቹ ሲታደል ያየው ዓይነት፣ ዙሪያው ወርቅማ፣ አናቱ ላይ «ምስጋና» ተብሎ የተጻፈበት።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለ ኑረዲን አጠገቡ እየተቀመጠ።

«አሚን» አለ አራጌ፣ ፊቱን ሳያዞር።

የእህቱ የሀሲና ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጅዳ፣ ሰቢል ሠፈር ውስጥ፣ ከጓደኛዋ ከራህማ ጋር ተዳብላ ትኖርበት በነበረችው አንዲት ክፍል ወንዶቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከኮሪደሩ ማዶ ጎረቤት ዘንድ ናቸው። ኤሲው እንደ አሮጌ ወፍጮ ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሰው ይገባል፣ የቁርኣኑን ፋቲሃ ይቀራል፣ ከቴምሩ አንድ ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጠጋ ይላል።

«እሱ ራሱ ነው አሉ...»

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

ይሰማል እንጂ። ሻንጣ የተሸከመ ወገቡ ነው የተጎዳው፣ ጆሮው ደህና ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲሰማ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በልቡ አንድ መልስ ሲመላልስ ነበር። ላይቩን የከፈተው ማነው? እኔ ነኝ?

ድግሱ የተደገሰው ለውሃ ነበር። አገር ቤት ሴቶቻቸው ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፤ የጅዳ ልጆች ጉድጓድ እናስቆፍር ብለው ተሰባሰቡ፣ ኮሚቴ አቆሙ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የድግስ ግቢ ተከራዩ። ለሦስት መቶ ሰው የሚበቃውን ወጥ የሠራችው ሀሲና ናት፤ ሁለት ቀን ቆማ። ራህማ ሽንኩርት ልጣለች፣ ሥጋ ከትፋለች፤ የቀረው የሀሲና እጅ ነው።

አራጌ የሚኖረው መካ፣ ኩዳይ ሠፈር ነው። ከሐጃጆች አውቶቡስ ሻንጣ ሲያወርድ ውሎ፣ ላቡ ሳይደርቅ ድግሱ ላይ ደረሰ። በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ሁልጊዜም እዚያው ነው የሚያስቀምጡት። መድረኩ ላይ የኮሚቴው ኑረዲን ማይክ ይዞ ምስጋናውን ያወርደዋል። ጨርቅ ነጋዴውን አመሰገነ። የካርጎውን ባለቤት አመሰገነ። ድምፅ ማጉያ ያከራየው ሕንዳዊ እንኳ፣ የሚባለው ነገር ሳይገባው፣ ተነስቶ እጅ ነሳ። በመጨረሻ ኑረዲን «ምግብ ያዘጋጁልንን እህቶችም አላህ ይስጥልን» አለና፣ ሼህ ጀውሀር ዱዓ እንዲያደርጉ ማይኩን ዘረጋላቸው።

እህቶች። ስም የላቸውም፣ አባት የላቸውም፣ እህቶች።

በእነሱ አገር እንዲህ አይደረግም። ድግስ ተበልቶ ሲያበቃ ወጥ ሠሪዋ በስሟና በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ወጥታ እጇ ሳይመረቅ ሽማግሌ ከማዕድ አይነሳም። ወጥ ሠሪዋ የድሃ ሚስት ከሆነች ግን ይነሳል። አራጌ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ የኑረዲን አባት ልጃቸውን ሲድሩ፣ መንደሩን በሙሉ ያበላው ወጥ የአራጌ እናት ሥራ ነበር። ሽማግሎቹ ወደ ማብቃቱ ሲደርሱ እናቱ እጇን ታጠበች፣ አዲሱን ሻሽ አሰረች፣ ጓዳው በር ላይ ቆመች። ሽማግሎቹ አፋቸውን ጠረጉ፣ ሙሽራውን መረቁ፣ ሄዱ። እናቱ ሻሿን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት። ሌላው ሰው ያችን ሻሽ አላያትም፤ አራጌ ግን አርባ ዓመት ተሸክሟታል።

እናም ተነሳ። ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መድረኩ ላይ ወጣና ማይኩን ከሼሁ እጅ ወሰደ።

«ወጥ ሠሪዋ ሳትጠራ ዱዓ የለም» አለ። «የሰይድ ልጅ ሀሲና ትምጣ። ሀሲና ሰይድ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሀሲና ጭልፋዋን እንደያዘች ከማብሰያው ቤት ብቅ አለች፤ ወዲያው ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያፈረች መስሎት ነበር። ሼሁ እጇን ሲመርቁላት አራጌ የኑረዲንን ፊት ነው ያየው። ደስ አለው። ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደነበር አያስታውስም።

ጅዳ ውስጥ ግን ሀሲና የምትባል ሴት አልነበረችም። ደመወዟን ከከለከላት ከአሠሪዋ ከከፊሏ ቤት ከሸሸች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ ሠፈሩ የሚያውቃት ሂባ በሚል ስም ነው፣ ሂባ ተብላ በየሰው ቤት በቀን ሥራ ትኖር ነበር። ይህን አራጌ ያውቃል። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። ንዴት ግን ሰውን የሚያውቀውን ያስረሳዋል። መድረኩ ፊት የቆመው ስልክ ድግሱን በላይቭ ለዓለም ያሳይ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ላይቩ የደረሰው የከፊሏ ልጅ ኑረዲን ዘንድ ደወለ። ሀሲና ሰይድ የት ናት ብሎ። ኑረዲን አላውቅም አለና እንድትጠነቀቅ ላከባት። በማግስቱ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ሀሲና በኋላ በር ወጥታ ሰገነቱ ላይ፣ ከውሃ ታንከሮቹ ጀርባ ተደበቀች፣ በዚያ በነሐሴ ፀሐይ። ደም ግፊት አለባት። ራህማ ከሥራ ተመልሳ ሞታ ስታገኛት የዐስር ሶላት ተሰግዶ ነበር።

በሩን ያንኳኳው፣ በኋላ ጎረቤት እንደነገራቸው፣ ሲሊንደር የሚያዞረው ጋዝ ሻጭ ነው።

የመቅበሪያ ወረቀቷን ሲያስጨርስ ከቢሮ ቢሮ የዞረው ኑረዲን ነው። መካ፣ ሐረም መስጊድ ውስጥ እንዲሰገድባት፣ እዚያው እንድትቀበር ያደረገውም እሱ ነው። አራጌ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ተቀበላት፤ ስም የሌለው ድንጋይ ራስጌዋ ተተከለ። ይህም አናደደው። የበደለህ ሰው ውለታ ሲጨምርበት፣ ሰው ምኑን ይዞ ይቀየም?

አሁን ኑረዲን ፌስታሉን ገፎ ፍሬሙን ጉልበቱ ላይ አቆመው። «ለወገኖቻችን ውሃ ላደረገችው አስተዋጽኦ፣ ለእህታችን ለሀሲና ሰይድ» ብሎ አነበበ።

«አሁን ስሟን አወቃችሁት?» አለ አራጌ።

«አራጌ፣ ተው።»

«ምኑን ልተው? ቆማ ሳለች እህቶች አላችኋት። ስትሞት መስታወት ውስጥ ከተታችኋት። እዚህ ክፍል ምስማር የምትመታበት ግድግዳ ታያለህ? ላይቩን ማን ከፈተው?»

ኑረዲን ፍሬሙን አስቀመጠው። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ለአራጌ ሳይሆን ለክፍሉ። «እኛ ነን የከፈትነው። ስልኩ መዘጋት ነበረበት፣ አልዘጋነውም። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህንኑ ሰው ፊት ልናገር ነው።»

ሹክሹክታው ቆመ። አራጌ ይህችን ቃል ሦስት ቀን ጠብቋታል። መጣችለት፤ ስሟን በማይክ የጠራው ግን ኮሚቴው አልነበረም።

«ማን ዋሽልኝ አለህ?» አለ።

 በዚያው የሦስተኛው ቀን ሶደቃ በሁለት ትልልቅ ትሪ ገባ፤ ሩዝና ሥጋ፣ ራህማ የሠራችው። ሰዉ በቢስሚላህ ወረደበት። አራጌ አንድ ጉርሻ አንስቶ መለሰና ተነሳ።

ራህማ ኮሪደሩ ጫፍ ካለችው ማብሰያ ቤት ነበረች፤ እጇ እስከ ክርኗ ቅባት፣ ድስት ላይ አቀርቅራ። እሷም ኢቃማ የላትም።

«ያን ማታ ምን አለችሽ?» አላት።

«የቱን ማታ፣ አያ?»

«የድግሱን።»

ራህማ ቀና አላለችም። «ድስት እያጠብን ‹ይሄ ወንድሜ ገደለኝ› ብላ ሳቀች።»

«ሳቀች?»

«ሳቀች። ቆይታ ደግሞ ‹ሀሲና ከተባልሁ እኮ አራት ዓመቴ› አለችኝ። ከዚያ ያንኑ ድስት ትፈትግ ጀመር። ነጽቷል ብላት አትሰማኝም።»

 ከክፍሉ የሳህን ድምፅ እየቀነሰ መጣ፤ ሰዉ በልቶ እያበቃ ነው። አራጌ ማዕዘኑ ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ ከቧንቧው ሞላ። ሳፋውን በእግሩ ወደ ራህማ ገፋላት።

«እጅሽን አምጪ።»

«ተው እንጂ አያ፣ ነውር ነው። እኔ ነኝ አንተን የማስታጥብ።»

«አምጪ አልሁሽ።»

ዘረጋችለት። ውሃውን በቀስታ አወረደው፤ ከክርኗ ጀምሮ ወደ ጣቶቿ። ቅባቱ በሳሙናው እየተፈታ ሳፋው ውስጥ ገባ።

«ዱዓ ከማድረጋችን በፊት» አሉ ሼህ ጀውሀር ከክፍሉ፣ «ይህን ያበላችን ማን ናት? አራጌ፣ ወጥ ሠሪዋን ጥራልን እንጂ።»

የራህማ እጆች ውሃው ሥር ደርቀው ቀሩ። አራጌን አየችው።

አራጌ ስሟን አልጠራም። ማንቆርቆሪያውን ይበልጥ አዘነበለውና እጆቿ ላይ ያፈስ ጀመር፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ።