ያልተነካ ውሃ

ባለቤቴ አርቪድ ባለፈው የካቲት አንድ ዓሣ ገደለ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይኼ ወሬ አይሆንም፤ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ቢገድል ምን ይገርማል? እኛ ወንዝ ላይ ግን የዱር ስቲልሄድ ይያዛል እንጂ አይገደልም። እዚሁ ተፈልፍሎ፣ ባሕር ወርዶ፣ ክንድ የሚያህል ሆኖ ወደተወለደበት የሚመለስ ዓሣ ነው። በየዓመቱ የሚመለሰው እያነሰ ስለሄደ፣ የያዘው ሰው ከውሃ ሳያወጣ መንጠቆውን ይነቅልለታል፣ ነፍስ እስኪዘራ ጭራውን ይዞ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። አርቪድ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው።

የዚያን ቀን መንጠቆው ከንፈሩን ትቶ መተንፈሻውን፣ ስንጥቡን ያዘበት። ውሃው ቀላ። አርቪድ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ ዓሣውን ወደ ጅረቱ አዙሮ ያዘው፤ ሲንቀሳቀስ ሊለቀው፣ ሲገለበጥ መልሶ ሊያቃናው፣ እንዲህ ሲል ቆየና በመጨረሻ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ቀረ። ጮኼ ባላስነሣው ኖሮ እዚያው ይደርቅ ነበር። ሞቶም ቢሆን ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ስለሆነ እዚያው ዛፍ ሥር ትቶት ተመለስን። ቤት ገብቶ እጁን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር አድርጎ ብዙ ጊዜ ቆመ። እራት አልበላም። እኔም አላስገደድኩትም፤ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፣ መቼ መተው እንዳለብኝ አውቃለሁ።

እኔ ማጥመድ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶብስ ስነዳ ወንዙን በመስኮት አየው ነበር። ከጀመርኩም አራት ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ስቲልሄድ ይዤ አላውቅም። በዚህ መንደር ጎረምሳው ሁሉ የያዘውን ዓሣ ያወራል፣ እኔ የማወራው ስለ ዝናቡ ነው። የምፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ አንዷን፣ በእነዚህ በደነደኑት እጆቼ ይዤ መልቀቅ።

በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ ደፈረሰ። አርቪድ ጋራዥ ገብቶ መንጠቆ ላይ ከላባና ከክር የዝንብ አምሳያ ይሠራ ነበር፤ የምናጠምደው በእሱ ነው፣ እውነተኛ ማጥመጃ ምግብ እኛ ዘንድ ነውር ነው። አንዳንዴ የፒንሳ ድምፅ እሰማለሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ሽቦ የሚቆርጥ መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሣሩ ላይ ቆሜ ክር መወርወር እለማመዳለሁ። ጎረቤታችን ሮስኮ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቅብኛል።

«ቬርና! ሣሩ ውስጥ ምን ያዝሽ?»

«አንተን የሚያህል እንቁራሪት!»

«እንግዲያው ልቀቂው፣ ዘሩ እየጠፋ ነው!»

በሐምሌ፣ እኛ ዘንድ በጋ ነው፣ የበጋው ዓሣ ወጣ። ጎሕ ሲቀድ እንወርድና ውሃው ሳይሞቅ እንመለሳለን። እዚህ ወንዝ ላይ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ከላይ ትገባለህ፣ ክርህን ወደ ማዶ ትወረውራለህ፣ ዝንቡ ጅረቱን ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ዳር ይመጣል፣ ሁለት እርምጃ ወርደህ ትደግማለህ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይገባል፤ የመጀመሪያው ሰው የሚያገኘውን «ያልተነካ ውሃ» እንለዋለን። ሰው ለገዛ ወንድሙ እንኳ አይለቅም። አርቪድ በዚያ በጋ በየማለዳው ያልተነካውን ውሃ ለእኔ ለቀቀ። ሮስኮ ይህን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወይ ፍቅር! የመጀመሪያዋ ሚስቴ የፈታችኝ እኮ ያልተነካ ውሃ አልለቅም ብዬ ነው።»

«ሁለተኛዋስ?» አልኩት።

«ለሷ ለቀቅሁላት። ዓሣ ያዘችና ናቀችኝ።»

ጣቶቼ ስለሚቆረጥሙኝና ቅርብ ያለ ነገር ስለማይታየኝ ዝንቡን የሚያስርልኝ አርቪድ ነው። ድሮ ካሰረ በኋላ መንጠቆውን ዘንጉ ላይ ካለችው ቀለበት ላይ ሰክቶ ይሰጠኝ ነበር። በዚያ በጋ ግን ራሱ ውሃው ውስጥ ጥሎልኝ ዘንጉን ያቀብለኛል። እንክብካቤ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሌላም ያስደሰተኝ ነገር ነበር፤ ድሮ በየቀኑ መንጠቆዬ ድንጋይ እየያዘ ይበጠስብኝ ነበር፣ በዚያ በጋ አንድም አልተበጠሰ። እየሠለጠንኩ ነው አልኩ።

የመጀመሪያዋ ዓሣ የመጣችው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ክሩ እየተጠማዘዘ ሳለ አንድ ነገር ከታች ጨምድዶ ሳበው። የክሩ መጠቅለያ መዘውር ጮኸ፣ ልቤ አብሮ ጮኸ፣ ከዚያ ክሩ ላላ። አርቪድ ድንጋዩን እየዘለለ መጣ።

«አምጪ፣ ዝንቡን ልየው።» በእጁ ጨብጦ ተመለከተው። «ስለቱ ደህና ነው። ቸኮልሽ። ዘንጉን አነሣሽው። ዓሣዋ እስክትዞር ጠብቂ።»

በመስከረም ሁለተኛዋ መጣች። ጠበቅሁ። ጠፋች።

«አሁን ደግሞ ዘገየሽ» አለ ዝንቡን እየተቀበለኝ።

በጥቅምት ሦስተኛዋ መጣች። እሷ ከውሃ በላይ ዘልላ አየኋት፤ ጎኗ ሮዝ ነበር። ወድቃ ስትነሣ ክሬ ባዶ ሆኖ ቀረ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ጡረተኛ ሴት፣ የጎማ ሱሪ ለብሳ፣ ንፍጧን በጓንት እየጠረገች። አርቪድ አጠገቤ ተቀምጦ ጀርባዬን አሻሸኝ።

«ጣትሽን ክሩ ላይ ጫንሽው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ምንም አይደል። ትለምጂዋለሽ።»

ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ስተኛ ቀኝ እጄን አየር ላይ ዘርግቼ እለማመድ ጀመር። አለማንሣት። መጠበቅ። ጣት አለመጫን። እሱ አጠገቤ ጋደም ብሎ ያየኛል።

በኅዳር መጀመሪያ ሮስኮ ዝናብ እያንጠባጠበ በራችን ላይ ቆመ። ቀልዱን ረስቶት ነበር።

«ወንዙን ሊዘጉት ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም ክር አይጥልም። የተመለሰው ዓሣ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።»

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስኪበዛ። እኔና አንቺ ግን እስኪበዛ አንጠብቅ ይሆናል፣ እህቴ።»

አርቪድን ዞሬ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ልቡ የተሰበረ መሰለኝ፣ አዘንኩለት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ነፋስ በበዛበት ጠዋት ወረድን። ያልተነካው ውሃ የኔ ነበር። አርቪድ ከበላይ ተራውን ይጠብቃል። ክሩን ወደ ኋላ ስወነጭፈው ነፋሱ አጣመመውና ዝንቡ መጥቶ አንገቴን መታኝ። እንዲህ ሲመታህ መንጠቆው ሥጋህ ውስጥ ይገባል፤ ሮስኮ ጆሮው ላይ ጠባሳ አለው። ዓይኔን ጨፍኜ ሕመሙን ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ዝንቡ ከአንገቴ ወደ ሱፍ ሹራቤ፣ ከሹራቤ ወደ መዳፌ ተንሸራተተ። ሱፍ እንኳ አልያዘም።

መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። ላባውን ገለጥኩት። መንጠቆው ከታጠፈበት ተቆርጧል። የቀረው ቀጥ ያለ ሽቦ ነው፣ ጫፉ በሞረድ ተስተካክሏል። የፒንሳው ድምፅ ያኔ ትዝ አለኝ።

«አርቪድ።»

መጣ። መዳፌን ዘረጋሁለት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆርጬው ነው።»

«ከመቼ?»

«ከየካቲት። የኔንም ያንቺንም። ሁሉንም።»

«ያንተን ከፈለግህ ዘንግህንም ስበረው። የኔን ማን ቁረጥ አለህ?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ስቀበር?»

«ሲስብ ተሰምቶሻል እኮ፣ ቬርና። ደስታው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ለዓሣዋ ሥቃይ ብቻ ነው። ሌላ አንዷ እጄ ላይ ስትሞት ማየት አልችልም። ያንቺም እጅ ላይ ቢሆን።»

ድምፁ ተሰበረ። እንደዚያ ሲሆን አንጀቴን ይበላዋል፣ ያን ጊዜም በላው፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ቸኮልሽ አልከኝ» አልኩት። «ዘገየሽ አልከኝ። ጣትሽን ጫንሽ አልከኝ። ዝንቡን ጨብጠህ ስለቱ ደህና ነው አልከኝ! አልጋ ላይ እንደ እብድ እጄን ዘርግቼ ስለማመድ አጠገቤ ተኝተህ ታየኝ አልነበር?»

«መማርሽ ደስ ብሎሽ ነበር…»

«ምን ተማርኩ?»

ክሬን ጠቅልዬ ወጣሁ። እቤት ሦስት ቀን የተነጋገርነው ስለ ማገዶና ስለ ውሻችን ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ሮስኮ ቤት ሄጄ አንድ ዝንብ ስጠኝ አልኩት። ባርኔጣው ላይ ከሰካቸው ጥቁሯን ነቀለልኝ።

«ባልሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ሥራ በዝቶበታል።»

አየኝ፣ ሌላ አልጠየቀም። ስለቷን አውራ ጥፍሬ ላይ ሞከርኳት፤ ያዘች።

በመጨረሻው ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። ክሩን በጥርሴ እየሳብኩ ዝንቧን ራሴ አሰርኳት፤ አራት ጊዜ ፈትቼ። አርቪድ ዘንግ ሳይዝ ተከትሎኝ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ና አላልኩትም፣ ሂድም አላልኩትም። ሮስኮ ከላይ ቆሞ በእጁ «ግቢ» አለኝ። ያልተነካውን ውሃ የሰጠኝ ያን ቀን እሱ ነበር።

ገና ከመጀመሬ መንጠቆዬ ድንጋይ ያዘ። ደስ አለኝ። አስለቅቄ ቀጠልኩ። ሁለት እርምጃ፣ መወርወር፣ ማየት። ወደ ውሃው የታችኛው ጫፍ ስደርስ፣ ዝንቡ ጥልቁን ጨርሶ ወደ ዳር ሲዞር፣ ያዘችው። እንደ ሐምሌዋ አይደለም፣ እንደ ጥቅምቷም አይደለም፤ ከበደች፣ ክሩን ቀስ አድርጋ ይዛ ወደ ታች መሄድ ጀመረች፣ መንጠቆው ዘንጉን አልፎ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ።

ላንሣ? ቸኮልሽ። ልጠብቅ? ዘገየሽ። ጣቴ ክሩ ላይ ነው ወይስ አይደለም? ሦስቱ ምክሮች በአንድ ላይ ጆሮዬ ላይ ጮኹ። እጄ መሃል ላይ ቆመ፣ ግማሽ አንሥቶ። ክሩ ላላ።

ውሃው እንደነበረ ሆነ። ዝንቡን ስቤ አመጣሁና ስለቱን ጥፍሬ ላይ ሞከርኩት። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።

አርቪድ ተነሥቶ ውሃው ዳር መጥቶ ነበር። ሁሉንም አይቷል። በዚህ ወንዝ እንደሱ የሚያውቅ የለም።

«ንገረኝ» አልኩት። «ቸኮልኩ ወይስ ዘገየሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም» አለ። «አንዳንዴ እንዲሁ ይለቃል። እውነቴን ነው፣ ቬርና።»

እውነት ሊሆን ይችላል። ሮስኮም በኋላ ያንኑ ነው ያለኝ። ግን ፊቱን አየሁት፣ አርባ ዓመት ያየሁትን ፊት፣ እና ለማጽናናት ይሁን፣ ለመዋሸት ይሁን፣ አይቶ የተናገረው ይሁን መለየት አቃተኝ። ይህን የሚፈታልኝ ሌላ ዓሣ ነበር፣ ወንዙ ደግሞ ነገ ይዘጋል።

እንደ ልማዱ ከውሃው ሊያወጣኝ እጁን ዘረጋ። እዚያ ጋ ድንጋዩ ያዳልጣል። ያዝኩት።